ለራሊጻ መንገድ የፈሰሰ ውሃ

ልጄ ራሊጻ፣ አምላክ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። እኛ እዚህ አገር ቤት፣ ፕሎቭዲቭ፣ ደህና ነን። (እማዬ ስትናገር የምጽፈው ወንድምሽ ካመን ነኝ፤ "ደህና ነን" ያለችው እያለቀሰች ነው።)

እዚያ አውስትራሊያ ቅዳሜ ከተማሪ ጓደኞችሽ ጋር በአሮጌ መኪና ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ከዚያም ወደ ጸጉረ ረጃጅሞቹ ሂፒዎች ፌስቲቫል እሄዳለሁ ካልሽ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። መንገደኛ ሲሸኝ እንደሚደረገው፣ መንገድሽ እንደ ውሃ እንዲቀና ከሰገነቱ አንድ ባልዲ አፈሰስኩልሽ። (ከታች ጎረቤታችን ጋሼ ፔንቾ ቆመው ነበር፤ ውሃው እላያቸው ላይ ወረደ። "አንቺ ስቶያንካ፣ እኔን ወዴት ልትሸኚኝ ነው?" አሉ።)

ማዕበሉ ሰው ይወስዳል ይላሉ፤ ከጉልበትሽ በላይ አትግቢ። ፌስቲቫሉ ላይ የሚሰጡሽን ኬክ አትቅመሺ፤ የሚያሰክር ቅጠል ይጨምሩበታል አሉ። እመቤታችን በሰላም ትመልስሽ። እንደደረስሽ ደውይ፤ ለእኔ ብለሽ እንኳ ባይሆን ለካመን ብለሽ፤ ቀልድ ያበዛው ፈርቶ ነው።

(ይህን አልጽፍም ብዬ ተከራክሬያት ነበር። እውነቷን ነው። ደውይ።)