«ቆሻሻ» ስለተባሉት ሃምሳ ሰባት ቅጂዎች፣ ለመረጃ ክፍል ኃላፊያችን

ለተከበሩ አቶ ካሳሁን፣ በመርሳ የጽሕፈት ቤታችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ልጆቹስ? ጦርነቱ ሳይደርስ ከሁላችን ቀድሞ በመኪና የወጣው ሶፋዎስ ደህና ገባ? እኛ እዚሁ የከረምነው አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን አለች።

እኔ አሲያ፣ የክፍልዎ ጸሐፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ።

አንደኛ፣ ምስጋና አለብኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞርኩ በጦርነቱ የፈረሱትን ቤቶች ለቆርቆሮ እደላው ስመዘግብ፣ በእርዳታ በተገኘችው ላፕቶፕ ላይ ጊት የሚባለውን የለውጥ መዝገብ ስላስጫኑልን አላህ ይስጥልን። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይይዛል ሲሉን በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ያለ እርስዎ ፊርማና ማኅተም አንዲት ለውጥ እንዳትገባ የሚል ደብዳቤ በተኑ። ማኅተሙ ኪስዎ ውስጥ፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኔ ጽሑፍ ተራ ሲጠብቅ መዝገቡ ባዶውን ከረመ።

ሁለተኛ፣ «ቆሻሻ» ስላሏቸው ቅጂዎች። የምጽፍበት ፕሮግራም ባስቀመጥኩ ቁጥር የቀድሞውን ገጽ ቁጥር ሰጥቶ ለብቻው ያስቀራል። እነዚያ በጊቱ ዝርዝር ላይ እየተደረደሩ ዓይንዎን ስላስቸገሩ፣ መዝገብ እያለ ቅጂ ምን ይሠራል ብለው ሁሉንም እንዳጠፋ አዘዙኝ። አሠልጣኛችን ዓሪፍ ግን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ጊቱ እንዳያያቸው አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል ብሎ አሳይቶኝ ነበርና እንዳለው አደረግሁ። ዝርዝሩ ጸዳ። እርስዎም ጎበዝ ብለው አመሰገኑኝ፤ ቅጂዎቹ ግን እዚያው ላፕቶፗ ውስጥ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠዋል።

ሦስተኛውን ያውቁታል። በፈረሱት ቤቶች ዝርዝር አርባ አንደኛው መስመር ላይ የነበረው፣ ከባድ መሣሪያ የመታው የእማማ ሲቲ ቤት ነው፤ እሳቸው ዛሬም የጎረቤት በረንዳ ላይ በሸራ ተከልለው ያድራሉ። የካቲት ሁለት ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ስወጣ እርስዎ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ስመለስ ማኅተሙ ተመትቶ፣ የሦስት ሳምንቱ ሥራ በሙሉ በአንድ ጊዜ በእርስዎ ስም ጊት ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። አርባ አንደኛው አሁን የወንድምዎ የአቶ ታደሰ ቤት ሆኗል፤ ትናንት ሳልፍ ጣሪያው ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ነበር።

እማማ ሲቲ ሊጠይቁ ሲመጡ እርስዎ ላፕቶፗን ወደሳቸው አዙረው መዝገብ አይዋሽም፣ ስምዎ ኖሮ አያውቅም አሏቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ወደኔ ዞረው «አሲያዬ፣ ቤት አልነበረኝም እንዴ?» አሉኝ። ያን ሁሉ መከራ ብረሳ ይህቺን ቃል አልረሳትም፤ እርስዎንም አላስረሳዎትም።

ክቡር ሆይ፣ መዝገቡ እርስዎ የነገሩትን ብቻ ያዘ። ያ ፕሮግራም ግን ሰው አይመርጥም፤ እርስዎ ሲያስቀምጡም የቀድሞውን ገጽ አስቀርቷል። ቅጂ ሃምሳ ሰባት ላይ እማማ ሲቲ በቦታቸው አሉ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው፣ አቶ ታደሰ ያሉበት ገጽ፣ የተቀመጠው ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እኔ መስጊድ እንደነበርኩ አጠገቤ የሰገዱት ሴቶች ሁሉ ይመሰክራሉ። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አሳትሜ መናኸሪያው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ለጽሑፉ ማነስ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ቀለሙ እያለቀ ስለነበር የእርስዎን ስም ብቻ ነው ያጎላሁት።

ለዓይንዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አሲያ፣ ወንበሯን ያዋሰችዎ ጸሐፊ
መርሳ፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአቶ ታደሰ (ከበርበሬው ጋር)
ለዞኑ ቅሬታ ሰሚ፣ ወልድያ
ለአማትዎ፣ ሐራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ቆርቆሮው ሲራገፍ ስም የሚጠሩት እርስዎ ራስዎ እንዲሆኑ የሰፈሩ ሰው ተስማምቷል። እማማ ሲቲ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ አርባ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ጮክ ይበሉ፤ ካልሰሙ ደግመው ይጠሯቸዋል፣ እኛ አንቸኩልም።