በሳጥን የቆየው የደጀኔ ጌም

ዛሬ ረቡዕ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ እኔ መምህርት እህተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ፣ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት አጽፋለሁ። ምስክሮቼም የንስሐ አባቴ ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ደስታነሽ ክንዱ፣ ከዕድራችንም አቶ ይታገሱና ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው። ግራ እጄ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን አልደከመም። ለማሳየትም ለጸሐፊው ለአቶ ያረጋል እጅጉ ከመቶ ጀምሬ በሰባት በሰባት እየቀነስሁ ቆጥሬለታለሁ። አራተኛ ክፍል ሳስተምረው እርሱ ይህን አልቻለም ነበር። «አሁንም አልችልም፣ እትዬ» ብሏል።

አንደኛ። ይህ ቤት ለልጄ ለፍሬሕይወት ይሁን። ገነነ ወንድሟ አድልዎ ብሎ አይቍጠረው፤ እጄ ከተያዘ ጀምሮ ፀጉሬን የምታበጥረው እርሷ ናት።

ሁለተኛ። የአባቱ የእጅ ሰዓትና ከጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ለገነነ ይሁን፤ አናጺ ነውና እንጨቱን ያውቅበታል። ጥላው ጎመኔን ፈጀው እያለች ሃያ ዓመት የወቀሰችኝ ደስታነሽ እዚሁ ተቀምጣለች። እውነቷን ነው። በአጥሯ በኩል ያሉት ሦስቱ ይቆረጡ። «ዛሬ ገና!» አለች፤ ይህም ይጻፍ።

ሦስተኛ። መጻሕፍቴና የእጅ ደወሌ ላስተማርሁበት ትምህርት ቤት ይሰጡ። የእንጨት ማስመሪያዬ ግን ለማንም አይሰጥ፤ ይቃጠል። ምክንያቱ ከታች ይገኛል።

አራተኛ። ማንም ገንዘብ አይጠይቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠይቅ። ለተዝካሬ ድንኳን አይከራይ።

አምስተኛ። ይህን ሁሉ ያጻፈኝ የሚከተለው ነው። በቀይ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከምስክር ወረቀቶቼ በታች፣ በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት ጌም አለ፤ ነጭ የነበረ አሁን የወየበ፣ ሁለት ጆይስቲክና ሦስት ካሴት ያለው። የእኔ አይደለም። የገነነ የልጅነት ባልንጀራ የነበረው፣ ዛሬ ቡሬ እህል የሚነግደው የደጀኔ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ደጀኔ ለገነነ አዋሰው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልጄን መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቴሌቪዥኑ ታንክ ሲያሳድድ አገኘሁት። ጌሙን ነቅዬ ሳጥን ቆለፍሁበትና «ላህ ወንዝ ጣልሁት» አልሁት። ከፈተናው በኋላ ልመልሰው አስቤ ነበር። የደጀኔ እናት ግን በማግሥቱ መጣች፤ ገነነ ሸጦ በልቶታል ተባለ። ልጄ በሚካኤል ደጃፍ ቆሞ፣ ጌሙ ወንዝ መግባቱን ማለ። የእኔን ቃል አምኖ ማለ። አጠገቡ ነበርሁ፤ ዝም አልሁ። አፌን ብከፍት የማፍረው እኔ ብቻ ነበርሁ። ዝም በማለቴ ሁለት ባልንጀሮች ሃያ ሰባት ዓመት ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ በአንድ ለቅሶ ቤት ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ። ገነነንም እስከ ዛሬ «ላህ የዋጠለት» እያሉ የሚያሽሟጥጡት አሉ።

የዋሸ ተማሪ መዳፍ በዚያ ማስመሪያ የመታሁ ሴት ነኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ጣቶችሽን አሠሪ ሲለኝ ጌሙ ትዝ አለኝና ሳጥኑን ከፈትሁ። ፍሬሕይወት ጌሙ ሲቆለፍበት ሕፃን ስለ ነበረች ነገሩን አታውቅም። «እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለች። «የሰው ዕቃ ነው፤ ሰክተሽ አሳዪኝ» አልኋት። ማፈር ሲገባኝ መጫወት ጀመርሁ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እጫወታለሁ፤ ገነነ ሲመጣ በነጠላ እሸፍነዋለሁ፣ ስጨርስም ወደ ሳጥኑ እመልሰዋለሁ።

ሳላውቀው ፈርጄበት ነበርና አሁን አውቄ ልመስክርለት። ከላይ የሚወርዱ ጡቦች የሚደረደሩበት ካሴት ከሦስቱ ይበልጣል። አንዱን ጡብ ያለ ቦታው ብታስቀምጥ አይቈጣህም፤ የሚቀጥለውን ይሰጥሃል። ያ ጡብ ግን በስሕተትህ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላውም በእርሱ ላይ። ዜማው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። በስልክ ያሉት አዲሶቹ ጌሞች ሰውን ይለማመጣሉ፤ ይህ ሲያልቅ አለቀ ይላል፣ ያርፋል። የሚዘለው ሰውዬ ያለበት ካሴት ግን አልሆነኝም፤ ጉድጓዱን እያየ ይገባል።

የታንኩ ካሴት ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። ሁለቱ በአንድ ወገን ሆነው አንድ ምሽግ ይጠብቃሉ። እኔ ለብቻዬ ነኝና ከዐሥራ ሁለተኛው ዙር አልፌ አላውቅም።

ካሴቱ አልሠራ ሲል አይነፋበት፤ የአፍ እርጥበት ያዝገዋል። በጥጥና በአልኮል ይጠረግ። ከኋላው ሆድ ያለው አሮጌው ቴሌቪዥኔም አብሮ ይሂድ፤ በጠፍጣፋው ላይ ሥዕሉ ከጣት ይዘገያል።

ስለዚህ ከሞትሁ በኋላ ጌሙ ለደጀኔ ይሰጥ፤ ይህም ቃል በሁለቱ ፊት ይነበብ።

እዚህ ላይ ቄስ ኪዳነ ማርያም አቋረጡኝ። «ከሞትሁ በኋላ?» አሉ። «ልጅሽ የማለው ከሞተ በኋላ ነው እንዴ?»

ያረጋል ብዕሩን አንሥቶ ተመለከተኝ። በሚካኤል ደጃፍ ዝም ያልሁ ሰው፣ አሁን ደግሞ መቃብሬን ተገን አድርጌ ልናገር ነበር። ፍሬሕይወትን ጠርቼ፣ ምስክሮቹ እየሰሙ፣ ቡሬ አስደወልሁ።

«ደጀኔ፣ የገነነ እናት ነኝ። ጌምህ ወንዝ አልገባም። ገነነም አልሸጠውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳጥኔ ውስጥ ነው።»

«እትዬ፣» አለ፣ «ይሠራል?»

ደስታነሽ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። «ይሠራል፤ ና» አልሁት።

ገነነ፣ ፍሬሕይወት ደውላለት፣ ከሥራው በባጃጅ ቀድሞ ደረሰ። ሁሉን ነገርሁት። «እማዬ፣ እኔ እኮ ማልሁ» አለ። ቄስ ኪዳነ ማርያም «መሐላው በእርሷ ነው፣ ልጄ፤ ቀኖናውንም የምትቀበለው እርሷ ናት» አሉት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልሁት፤ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝና። ይቅር አለኝ ብዬ አላጽፍም፤ ገና አላለም።

ደጀኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። ጌሙን ከሳጥኑ አውጥቼ በገዛ እጄ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «ገነነ፣» አለ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት ስምህን አጥፍቻለሁ።» ገነነ ገመዱን ከእጁ ተቀብሎ ይሰካ ጀመር።

ስለዚህ አምስተኛው ተራ በቁሜ ተፈጽሟልና ተሰርዟል። የሰረዙ መስመር ግን ቀጭን ይሁን፤ ቃሉ ይነበብ። ልጄ ሌባ አለመሆኑ የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው።

ያረጋል ቃሌን በሙሉ አንብቦልኛል፤ ሁለት ቦታ አርሜዋለሁ። ይህ ሲፈረም ከወዲያኛው ክፍል የታንኩ ድምፅ ይሰማል።

ተናዛዥ፦ እህተ ማርያም ወልደ ዮሐንስ፣ በቀኝ እጄ

ጸሐፊ፦ ያረጋል እጅጉ

ምስክሮች፦
ቄስ ኪዳነ ማርያም
ደስታነሽ ክንዱ
አቻምየለሽ
ይታገሱ፤ ሁለቱ ባልንጀሮች ዐሥራ ሦስተኛውን ዙር ሲያልፉ ቆሞ ሲያይ ስለ ነበር፣ ተጠርቶ መጥቶ ፈረመ