እንዳስተማርከኝ የሞላሁት ካርታ

ጭሮ፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የመሰላ ብርድ ወገብህን እንዴት አደረገው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትንሿ ልጅህ የወተት ጥርሷን አውልቃለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። እንዲያም ሆኖ እወዳታለሁ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ጠላት በዝቶብኛል፣ ሽጉጤን የጥይት ካርታውን ሞልተሽ በታመነ ሰው ላኪልኝ፣ አንቺ የሞላሽው ተቀርቅሮብኝ አያውቅም ብለሃል። እውነትህን ነው። ያስተማርከኝ ግን አንተ ነህ። በተጋባን ሰሞን ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ፣ ጥይቷን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ የተለያየ ዓይነት አትቀላቅይ፤ ወደ ታች እየተጫንሽ ቂጧን ወደ ኋላ አስጠጊ፤ ስትጨርሺ የካርታውን ጀርባ መዳፍሽ ላይ መታ መታ አድርጊው ትለኝ ነበር። ስምንት ቢይዝም ሰባት ይበቃዋል፣ የካርታው ሞላ፣ ሽቦው፣ ይተንፍስ እያልክ። ሽጉጥ እንደ ሙሽራ ነው፣ ካላባበሉት አይጎርስም ብለህም ስቀህብኛል። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታዲያ ወንድሜ ጂብሪል የጫት መኪና ሊያጅብ ወደ በደሳ ሲሄድ፣ ሽጉጥህን ስታውሰው ለምን እኔን አላስሞላኸኝም? ዛሬ እኔው ልሙላለት ብለህ ጓዳ ገባህ። ለአማችህ የተጨነቅክ መስሎኝ ዱዓ አደረግኩልህ።

ሾፌሩ ሙሜ ሁሉንም ነግሮኛል። ዘራፊዎቹ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ሲያስቆሟቸው ጂብሪል አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሁለተኛዋ ጥይት የሽጉጡ አፍ ላይ ተቀረቀረች። ሦስት ጊዜ አቀባበለ፤ አልጎርስም አለ። እዚያው ገደሉት። ሙሜ ሽጉጡን በሸሚዙ ጠቅልሎ አመጣልኝ። አንተ ለቅሶው ላይ ከእናቴ በላይ ትጮህ ነበር።

ከቀብር ስመለስ ካርታውን ፈታሁት። ከተተኮሰችው ሌላ ሰባት ቀርተዋል፤ ስምንት ጠቅጥቀህበት ኖሯል፤ ሁሉም በዘይት ርሰዋል። የካርታው ከንፈር ወደ ውስጥ ተጣሟል፤ የፒንሳ ጥርስ ታትሞበታል። የቤታችንን ፒንሳ አምጥቼ ስገጥመው ልክክ አለ። የተዘረፈውን ጫት ሸሪኮችህ ሲቸበችቡት የገበያው ሰው ሁሉ አይቷል። አንተም በዚያው ሳምንት መሰላ ገባህ።

ለሽማግሌም ለፖሊስም አልተናገርኩም። ጠላሁህ፤ ከአንተ ጋር የበላሁት እህል ሁሉ ይቀፈኛል። እናቴ እስከ ዛሬ ኢልማ ኪያ፣ ልጄ፣ ልጄ እያለች በር በሩን ታያለች። እኔ ግን እምባዬን ጨርሼ፣ አንድ ቀን ሽጉጥህን ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ጠየቅከኝ፤ እኔም እንዳዘዝከኝ አደረግኩ። የተጣመመውን ጥዬ ሌላ ካርታ አስመጣሁ። ሰባቱን አንድ በአንድ ጠርጌ ሞላሁ። ከከተማ ውጭ ሲሞከር ሰባቱንም ሳያቅማማ ጎረሰ። መልሼ በእጄ ሞላሁት። ወላሂ፣ አይቀረቀርም።

የታመነ ሰው ብለሃል። እኔ ከታላቅ ወንድሜ ከዓሊዩ በላይ የማምነው የለኝም። ከጅቡቲ ከገባ ሳምንቱ ነው። ይህን ደብዳቤ የሰጠህ እሱ ነው፤ ሽጉጡም እሱ ጋ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ነገሩን ግን በቃሌ አጫውቼዋለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ እንዲታገስህ ለምኜዋለሁና ቀስ ብለህ አንብብ።

ልጆቹን አላህ ያሳድግልኝ። ምሕረት ከእሱ ለምን፤ እኔ ዘንድ የለም።

የጂብሪል እህት