በልክሄድ የሚባለው ግድግዳ

ጥር 6

ዛሬም ያው። ጧት ከሃያ ሁለት ማዞሪያ በአውቶቡስ ተጋፍቶ ቦሌ... ታይፕ፣ ሻይ፣ ታይፕ። የትርጉም ክፍል አለቃችን ጓድ ገብረሃንስ አዲስ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገ። የአውሮፕላን ጥገና መማሪያ። «ሠራተኛው በገዛ ቋንቋው ይማር!» ይማር እንጂ፣ ማን ጠላ?

ሦስተኛው ገጽ ላይ ተገተርኩ። በልክሄድ። የአውሮፕላኑን ሆድ ከውስጥ የሚከፍለው ግድግዳ። ድሮ የመርከብ ቃል ነበር ይላል። መርከብ በውስጧ ክፍል ክፍል ናት፤ አንዱ ክፍል ውኃ ቢገባው ግድግዳው ይይዘዋል፣ የቀሩት ደረቅ ሆነው ያንሳፍፏታል።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን ከሰዓት በኋላ መርከብ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ክፍል፣ በር፣ ክፍል፣ በር... አንዱ ክፍል ውስጥ እማዬ ተቀምጣለች፣ በሕይወት ሳለች እንደምትቀመጠው፣ እግሯን አጥፋ። ልጠራት አፌን ስከፍት አጠገቤ የምትሠራው ስመኝ «አንቺ፣ ማሽንሽ ዝም አለ እኮ» አለችኝ።

ጥር 9

ስብሰባ። ለአንድ ቃል አምስት ሰው! «ግድግዳ» ሲባል የቤት ነው ተባለ። «መጋረጃ» ጨርቅ ነው። ስመኝ «ከፋይ» አለች። ገብረሃንስ «የምን ከፋይ? የግብር?» እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ጋረደ ከሚለው «ጋራጅ» አልኩ። አውሮፕላን ውስጥ ጋራጅ! ሳቁ አላቆም አለ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ጥር 13

ዕቃውን በዓይኔ ልየው ብዬ ወደ ሃንጋሩ ወረድኩ። ውሸት። ለማን ነው የምዋሸው? ኤርሳዶን ላየው ነው። የሆሳዕና ልጅ፣ ቆርቆሮ ክፍል የሚሠራው። ከተዋወቅን ዓመት ሊሞላን ነው፣ አባባ ግን አያውቅም።

ወንበሩም ምንጣፉም የወለቀ አውሮፕላን ውስጥ አስገባኝ። ጭራው ጋ ትልቅ ክብ ግድግዳ፣ እንደ ድስት ክዳን የጎበጠ። «ሲበር በዚህ በኩል የምንተነፍሰው አየር አለ። በዚያ በኩል ምንም። አየሩ ልውጣ ልውጣ እያለ ይገፋል፣ ይሄ መሐል ቆሞ ይይዘዋል» አለኝ። እጄን ይዞ አስነካኝ። ቀዝቃዛ ነው... እንዴት ደስ ይላል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አሥመራ መድበውኛል። ከፋሲካ በኋላ። ታገቢኝና አብረን እንሄዳለን?»

«አባባን ጠይቅ» አልኩት።

«እጠይቃለሁ። እሳቸው ካልመረቁን ግን ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ፀሐይ። አባትሽን አስለቅሼ አልወስድሽም።»

የካቲት 4

ጉድ ሆንኩ። ጉድ!

ከሰዓት በኋላ ኤርሳዶ ቤታችን መጣ። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን። አባባ በደንብ ተቀበለው። «ምንድን ነው የምትሠራው ልጄ?» አለው።

«ጥገና ነው፣ አባባ።»

«ምን ትጠግናለህ?»

«በልክሄድ።»

የአባባ አንድ ጆሮ ደከም ብሏል። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔን ነው በልክ ሂድ የምትለኝ? በገዛ ቤቴ? ያውም አንተ ብለህ?»

ኤርሳዶ ላቡ ጠብ አለ። «ኧረ አባባ፣ ግድግዳ ነው፣ በልክሄድ ማለት...» ይባስ ብሎ ደገመለት! አባባ ጋቢውን ሰብስቦ ጓዳ ገባ፣ አልወጣም። እኔ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

የካቲት 5

አያናግረኝም። ሽሮውንም አልነካውም።

የካቲት 12

እዚያ ኤርሳዶ አንገቱን ደፍቷል። እዚህ አባባ ፊቱን አዙሯል። እኔ መሐል። አንዱ እንዲህ ይገፋኛል፣ አንዱ እንዲያ። ገላጋይ ሆኜ ቀረሁ እያልኩ ታይፕ ስመታ... ገላጋይ!

ሮጬ ለገብረሃንስ ነገርኩት። «ገላጋይ ግድግዳ? ሽምግልና ነው እንዴ፣ ጓድ ፀሐይነሽ?» አለ። ከዚያ ለብቻው ሁለቴ ሦስቴ አለው። «ጻፊው።» ጻፍኩት። ሃንጋር ውስጥ ማንም እንደማይለው አውቃለሁ፤ እነሱ በልክሄድ ብለው ይኖራሉ። ግን ደስ አለኝ።

የካቲት 19

ዛሬ አላስቻለኝም። «አባባ፣ የዕቃ ስም ነው እኮ። የእንግሊዝ ቃል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እ?»

«ያኔውኑ ገብቶኛል። ጆሮዬ እንጂ ጭንቅላቴ አልደነቆረም።»

«ታዲያ ለምን? ጴንጤ ስለሆነ ነው?»

«እሱንም ምክንያት ላደርገው ነበር።» መቁጠሪያውን ሲያፍተለትል ቆየ። «ወንድምሽ መጣሁ ብሎኝ ነው የዘመተው። አልመጣም። አሁን ደግሞ አንቺን የሚወስድብኝ ሰው፣ ምን ቢናገር ለእኔ ስድብ ነው።»

ወንድሜን ዓለምሰገድን በስሙ አልጠራውም። እኔም አልጠራሁትም። እግሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

የካቲት 22

ለኤርሳዶ ሁሉንም ነገርኩት። «እንግዲያውስ አልወስድሽም» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለች። ቀጠለ፦ «እኔ እናንተ ቤት እመጣለኋ። አሥመራን አብሮኝ የሚሠራው አብዱራሕማን ሲመኛት ነበር፣ እሱ ይሂድ።»

ሰው ፊት ባይሆን...

መጋቢት 8

አባባ እሺ አለ! ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ይከፈላል፤ ወዲያ እኛ፣ ወዲህ እሱ። «ብቻ በጾም ቤቴ ሥጋ እንዳይሸት!» አለው። ኤርሳዶ «ዓሣስ፣ አባባ?» ብሎ ሊያጠፋው ነበር። እግሩን ረገጥኩት።

ግንቦት 3

ባለፈው ሳምንት በማዘጋጃ ቤት ተፈራረምን። አሁን ባለትዳር ነኝ... እኔ!

ግድግዳውን ኤርሳዶ ራሱ ሠራው። በድርብ ኮምፔንሳቶ፣ መሐሉን በጥጥ ጠቅጥቆ። ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው። ሲመርቀው እንደ ጨዋ ፈረስ መታ መታ አደረገው። ተኝተን ዓለም ጠፋች፤ ደመና ላይ ያለሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጧት በጓሮ በራችን ስንወጣ አባባ ደጅ ተቀምጧል፣ አኩርፎ።

«ምነው አባባ፣ ደህና አላደሩም?» አለ ኤርሳዶ።

«ምኑን አደርኩት! ምንም አይሰማም። ስታስሉ እንኳ አይሰማም። ሞታችሁ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

ኤርሳዶ መጋዙን አመጣ። «የት ጋ ልክፈተው?»

«ራስጌዬ ጋ። ትንሽ። መዝጊያም አድርግለት፣ ስትፈልጉ ትዘጉታላችሁ።»

እስካሁን አልዘጋነውም። ከወዲያ ሬድዮው ይሰማል፣ መቁጠሪያውም። ይህን ስጽፍ አባባ «ልጆች!» ብሎ ተጣራ። ልጆች ነው ያለው።

«አቤት!» አልን፣ ሁለታችንም እኩል።