የብርቄ ተራ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ብርቄ ጽዋውን ልትመልስ መጣች። ከቡሬ መንገድ ዳር ካለው መንደሯ በእግሯ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላው። «ባሌ እንቢ አለ፣ እትዬ» ብላ ደጃፌ ላይ ቆመች።

አልቀበልም አልኳት። ወር ሙሉ ቤትሽ የከረመ ጽዋ፣ ድግሱ ለእሑድ ሆኖ ሳለ አይመለስም። የማኅበሩ ሙሴ ነኝ፤ ሥርዓት ማስከበር የእኔ ሥራ ነው። ብርቄ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ከሌላ ጋር ትለዋወጥ ነበር። ተራ መለዋወጥን የከለከልኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ማኅበራችን እንደ ሌላው የማርያም ማኅበር በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል። የሚለየው፣ ከእኔ በቀር አባላቱ ሁሉ የአካል ጉዳተኛ ልጅ እናቶች መሆናቸው ነው። መሥራቿ ስመኝ አንድ ሕግ ጨምራበታለች። የባለተራዋ ልጅ ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ ዳቦው ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ የእሱ ነው። ጓዳ የሚቀር ልጅ የለም።

የብርቄን ልጅ ማንጠግቦሽን ግን ከቤተሰቡ በቀር ያየ የለም። ዐሥር ዓመቷ ነው። እግሯ አይቆምላትም። ንግግሯን የሚረዱት እናቷና እኅቷ ብቻ ናቸው።

ጽዋውን መልሳ አዝላ ሄደች። ሻይ እንኳ አልሰጠኋትም።

ሐሙስ፣ 18

ለስመኝ ነገርኳት። «ተቀብለዋት ቢሆን ኖሮ እንጣላ ነበር» አለችኝ። ነገሩን ከሥሩ ታውቀዋለች። የብርቄን ትልቋን ልጅ፣ የሺን፣ ከቡሬ ለጋብቻ ሊጠይቋት ነው። የሚያገባት ልጅ እናት ወይዘሮ አንጓች ቤት የምታጠራ፣ ዘር የምትቆጥር ሴት ናት አሉ። የብርቄ ባል አቶ ሞላ፣ ማንጠግቦሽ ከታየች «ከዘራቸው ነው» ተብሎ ጋብቻው ይፈርሳል ብሎ ፈርቷል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እንዲህ ሲፈርስ አይቻለሁ።

«ካልታየች ግን» አለች ስመኝ፣ «ትምህርት ቤት ውሰዱልን፣ ሐኪም ይይልን ብለን ስለማን እንጠይቃለን? የሌለች ልጅ ናት እኮ!»

ሰው ማመስገን አይቀናኝም። ያስተማሩኝ መምህራን ከስሕተት በቀር የሚናገሩት አልነበራቸውም፤ እኔም አርባ ዓመት ያስተማርኩት እንደዚያው ነው። ስለዚህች ሴት ግን ልጻፍ። ትምህርት ቤት ልጇን አንቀበልም ሲሏት አዝላው ሄዳ፣ እንዝርቷን ይዛ ከክፍሉ በር ላይ ተቀመጠች። ፈተለች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። በመጨረሻ መምህሩ ራሱ ልጁን ተሸክሞ አስገባው። ዛሬ አራተኛ ክፍል ነው። (የእጅ ጽሕፈቱ መጥፎ ነው። ነግሬዋለሁ።)

ማኅበር ላቋቁም ስትልም በየቢሮው ደንብ አምጪ፣ ነገ ተመለሽ አሏት። «ለማርያም ጽዋም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?» አለቻቸው። ሳቁ። በወሩ እናቶቹን ቤቷ ሰበሰበች።

ዓርብ፣ 19

ከስመኝ ጋር በጋሪ ብርቄ ቤት ሄድን። ወገቤ! መንገዱ ከክረምቱ ጭቃ ገና አልተላቀቀም።

አቶ ሞላ በአክብሮት ተቀበለን። አጎዛ አነጠፈልኝ። ቃሉ ግን ያው ነው፤ «አንቱን አከብራለሁ። ግን አንዷን ላሳይ ብዬ ሌላዋን ቤት አላስቀርም።» የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ስመኝ በክርኗ ነካችኝ።

ብርቄን ተከትላ ጓዳ ገባች። ቆየት ብላ አንድ ወንበር ተሸክማ ወጣች። ከወይራ የተሠራ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ጀርባው ዘንበል ያለ፣ እግር የሚያርፍበት መርገጫ ያለው፣ መቀመጫው በጠፍር የተጠለፈ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ አቶ ሞላ፣ መሬት መሬት እያየ። «ታዲያ እንዴት ትቀመጥ?»

«የእኛ ልጆች» አለች ስመኝ፣ «ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። እሑድ ይህን ወንበር እናቶቹ ይዩት።»

«ወንበሩን ብቻ?»

«ወንበሩን ብቻ።»

የወንበሩን ክንድ በእጁ ዳበሰ። «ወንበሩ ይውጣ» አለ።

በመንገድ ላይ ሕጉ ልጁ ይቀመጥ ነው እንጂ ወንበሩ አይልም አልኳት። «አውቃለሁ፣ እትዬ። እስቲ መጀመሪያ ቦታው ይያዝ» አለች።

ቅዳሜ፣ 20

ነጠላዬን አጠብኩ። ወገቤን በቅባት አሸሁ።

ሥጋቶቼ፦ አቶ ሞላ ሐሳቡን ይለውጣል። ዝናብ ይመጣል። ወንበሩ ባዶውን ይውላል፤ እኔም የመጀመሪያውን ቁራሽ ለማን እንደምል አላውቅም።

እሑድ፣ 21

ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ሁሉም ብርቄ ቤት ደረሱ፤ ሁለቱ አርፍደው (ገሥጫቸዋለሁ)። ወንበሩ ከመካከል ተቀምጧል፣ ባዶውን። እናቶቹ እየዞሩ ዳሰሱት። አንዷ «አቶ ሞላ፣ ለእኔ ልጅ የሚሠሩልኝ መቼ ነው?» አለች። ሊስቅ አፉን ሲከፍት በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ፊቱ ዐመድ ሆነ። ወይዘሮ አንጓች ነበረች፣ ሳትጠራ፣ ከቡሬ። «ጽዋ አለ ብለውኝ» አለች። ከጽዋ እንግዳ አይመለስም፤ ቦታ ሰጠኋት።

ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ዳቦውን ቆረሱ። እኔን አዩኝ። እኔ ስመኝን አየኋት። እሷ ጓዳውን ታያለች።

የሺ ወጣች። ሙሽራ ልትሆን የታሰበችው ልጅ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እኅቷን አዝላ። አማቷ ልትሆን በምትችለው ሴት ፊት አልፋ ማንጠግቦሽን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቀሚሷን አስተካከለችላት፤ ከጎኗም ቆመች። አባቷ ብድግ ብሎ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ።

«የመጀመሪያው ቁራሽ ለማንጠግቦሽ ሞላ» አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደነበረው ወጣ።

ቁራሹ ከእጇ ወደቀ። ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ ነው! ሁለተኛውን ያዘችው። ብርቄ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ቀረች።

ወይዘሮ አንጓች ዓይኗን ከልጅቱ ሳትነቅል ቆይታ፣ ስለ ጋብቻው አንዲት ቃል ሳትናገር ሄደች።

ጽዋው ለእኔ ተሰጠ። የኅዳር ባለተራ እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ 22

ስመኝ እየሮጠች መጣች። ወይዘሮ አንጓች ለአቶ ሞላ መልእክት ልካለች። ስለ ሽማግሌ ምንም የለበትም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቃለች። እንደዚያ ያለ ወንበር ለጎልማሳ ሰው ይሠራል ወይ? ማኅበሩስ ልጁ የጎለመሰባትን እናት ይቀበላል ወይ?

ቤት የምታጠራው ሴት! ጓዳዋ ማን እንዳለ ቡሬ ሙሉ አያውቅም።

ስመኝ አልጠየቀችኝም። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ጽዋ ብቻ አየችው። ጓዳዬ እህልና የድሮ መጻሕፍት ነው፤ የማወጣው ሰው የለኝም። ተራ መለዋወጥ ደግሞ ክልክል ነው። የከለከልኩትም እኔ ነኝ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና ከስመኝ ጋር ቡሬ እንሄዳለን። ተራዬን ለወይዘሮ አንጓች ልሰጥ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። በሩን ትከፍትልን እንደሆነ አላውቅም።