እርጥቡ ኬሻ የማን ነው?

ኅዳር 4 ቀን 2010፣ ቡታጅራ

ጎረቤቴን ከድጄን ጉንፋኑ ለቀቃት፣ ጌታ ይመስገን። ድምጿ ግን ገና ነው፤ እንደ ወንድ ነው የምታወራው። በአጥር ላይ ነገረችኝ፤ ቆሼ ከተማ ያለው የልጇ የዑመይር ሚስት በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። «አፍንጫዋ የኔ ነው አሉ» አለችኝ። ምስኪን ልጅ፣ አልኳት... ስትስቅ ሳል ያዛት።

ሌሊቱን ዘነበ። በኅዳር! ጓዳው እንደገና አፈሰሰ። ባሌን ደምሴን ቆርቆሮውን ምታልኝ ካልኩት ስንት ጊዜዬ? «እሺ» ይላል። በእሺ ጣሪያ አይደፈንም።

ጠዋት እኔና ከድጄ በርበሬያችንን በጋሪ ጭነን ለሴቶች ማኅበራችን መጋዘን አስረከብን። ከቆሼ ገበያ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ... እጄ አሁንም ያቃጥለኛል። ረስቼ ዓይኔን አሸሁበት። አበስኩ ገበርኩ።

ኅዳር 5

የእሌኒ ዌብሳይት ሥራ ጀመረ! ወልቂጤ ኮምፒውተር የምትማረው ልጄ ለማኅበራችን የሠራችው። የአንዷ ስም ሲነካ ከሥሩ ስንት ኬሻ እንዳስገባችና ስለ በርበሬዋ የተጻፈ አስተያየት ካለ ይወጣል። ድሮ ኬሻው ላይ ስማችንን በከሰል ነበር የምንጽፈው፤ አሁን ቁጥር ብቻ ነው። ኩራቴን ለማን ልንገር? ለሁሉም ነገርኩ።

ኅዳር 6

ምን ጉድ ነው?

የመጋዘኑ ሰው አብዱልሃፊዝ ሲፈትሽ አንድ እርጥብ ኬሻ አገኘ። በቁጥሩ ኮምፒውተር ላይ መዘገበና በርበሬውን ዘርግፎ ግቢው ላይ አሰጣው። ዛሬ ሊቀመንበራችን መሕቡባ የማን እንደሆነ ልታይ ገና መጀመሪያ የከድጄን ስም ነካች፤ ከሥሩ «አንድ ኬሻ ውሃ ነክቶታል» የሚል ወጣ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አነበበችው።

«ክብደት እንዲጨምር ረጨሽበት?»

«እኔ? ወላሂ ጠብታ አላስነካሁም!»

«ታዲያ ኮምፒውተር ይዋሻል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የልጄ ሥራ ነዋ። ከድጄም አየችኝ፣ አንድ ነገር በይ እንደማለት... ምን ልበል? ዝም አልኩ። ውሃ የረጨች ከማኅበሩ ትወጣለች፣ ደንቡ ነው። ሰኞ ስብሰባ ተጠራ።

ኅዳር 7

ከድጄ ተኛች። ግፊቷ ተነሳ አሉ። አጥሩ ጋ እየደረስኩ እመለሳለሁ። በምን ፊቴ ልግባ? አጥሚት ሠርቼ በሰው ላክሁላት። ሳይነካ ተመለሰ።

ለእሌኒ ደወልኩ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።

ኅዳር 9

እሌኒ ከሚኒባስ ወርዳ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የከድጄን ነካች። አለ። የመሕቡባን ነካች... አለ! ያው ቃል። የሌላዋም፣ የሌላዋም። ሁላችንም ውሃ ረጭተናል!

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንደገባኝ ልጻፈው። ሴቶቹ አንድ ቦታ ተመዝግበዋል፣ አስተያየቱ ሌላ ቦታ። በመካከላቸው ማሰሪያ አለ፤ ይሄ የዚህችኛዋ ነው የሚል። ስም ሲነካ ገጹ በዚያ ማሰሪያ ሄዶ የእሷን ብቻ ማምጣት ነበረበት። ልጄ ግን ቴምፕሌት በምትለው፣ የገጹ ቅርጽ በሚጻፍበት ላይ፣ «የእሷን አምጣ» ማለት ሲገባት «ያለውን ሁሉ አምጣ» ብላለች። ያለው ደግሞ አንድ አስተያየት... እሱኑ ለሁሉም አደለው።

«ስሞክረው የአንድ ሰው ብቻ ነበር ያስገባሁት። ልክ መሰለኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አንድ መስመር አስተካክላ የከድጄን እንደገና ነካች። «ምንም አስተያየት የለም።» እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

«የማን ነው ታዲያ?» አልኳት።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የእኔ ስም።

ጓዳው! ያ ዝናብ... ግድግዳው ላይ ያስደገፍኩት ኬሻ። እንዴት ሳልዳብሰው ጫንኩት?

«እማ... ሰኞ እስኪያልፍ ማስተካከሉን ልተወው እንዴ?»

ልጅ ናት፣ ለእናቷ አዘነች። እኔስ? ትንሽ አሰብኩ፣ አልዋሽም። ከማኅበሩ ብወጣ ምን ልሠራ ነው? ከዚያ ያ ሳይነካ የተመለሰ አጥሚት ትዝ አለኝ።

«እንዳስተካከልሽው ይታይ» አልኳት።

ይገርማል። ከረቡዕ ወዲህ ደህና ትንፋሽ የወጣልኝ ያኔ ነው።

ኅዳር 10

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከድጄ ቤት ገባሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለጀርባዋ ሁሉንም ነገርኳት።

ቀስ ብላ ዞረች። «ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ጣሪያው አፍስሶበት።»

«እና እኔ በደምሴ ቆርቆሮ ልሞት ነበር?»

ሳቀች፣ ሳለች፣ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ኮምፒውተሩ አይደለም ያሳመመኝ፣ ሙልዬ። ዝም ማለትሽ ነው።»

እውነቷን ነው። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ኅዳር 11

ስብሰባው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። እሌኒም የዛሬ ትምህርቷን ትታ አብራኝ ቆመች፤ «የከድጄ ስም የጠፋው በእኔ ስህተት ነው» አለች።

እስካሁን ማንም ያልጠየቀው አብዱልሃፊዝ «የተረጨ መሃሉም ይርሳል፤ ይሄ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የራሰው፣ ዝናብ ነው» አለ። እፎይ! ሲደርቅ መልሰሽ አስመዝግቢ ተባልኩ፤ በቃ።

መሕቡባ ቀና ብላ ማየት አቃታት። ኋላ ተነስታ ከድጄን በሁሉም ፊት «አፉ በይኝ» አለቻት።

«ኮምፒውተሩም አፉ ይበለኝ» አለች ከድጄ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ኅዳር 16

ደምሴ ጣሪያ ላይ ነው። በመጨረሻ!

አብዱልሃፊዝ ሲያልፍ ጎራ አለ። «ኬሻሽ ደርቋል፤ በስምሽ ገብቷል» አለኝ። እሌኒ ደውላ ነበር፤ አሁን አንድ ነገር ስትሠራ የሁለት የሦስት ሰው እያስገባች ነው አሉ የምትሞክረው።

ከድጄ አጥሩን ዞራ በበሩ መጣች፣ ኩባያ ይዛ። «ያንን አጥሚትሽን አምጪ፤ አሁን ልጠጣው።» እንደገና ሠራሁላት። እየጠጣች ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ድምጿ ተመልሶላታል፤ እስከ መንገድ ይሰማል።

«ደምሴ! ያቺን ጥግ ደህና አድርገህ ምታት፣ ከእንግዲህ በቆርቆሮህ ታምሜ አልተኛም!»

«እሺ» አላት።