ከሠርጉ በኋላ የማይነሳ ድንኳን

ለውድ እህቴ ለሐመልማል ገብረ ክርስቶስ
ኩዌት

እታለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ሙቀቱስ? የቤቱ እመቤት ጠባይዋ ተመለሰ ወይስ እንደዚያው ነች? ይኸው አንዱን ሳትመልሺልኝ ሌላውን እደረድራለሁ፤ ታውቂኝ የለ። እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ከአንቺ ናፍቆትና ከሐምሌ ብርድ በቀር የከፋ ነገር የለብንም። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ከተኛ ሰነበተ፤ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ የውጭ በራችንን አላየውም።

ስልክሽ እምቢ ብሎኛል። መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ አሁን ጭራሽ አይጠራም። አባባን ስጠይቃቸው «ስልኳ ተበላሽቶባት ነው፣ ደህና ነኝ ብላ በሰው ልካለች» አሉኝ። ለሳቸው ልከሽ እኔን መዝለልሽ አናዶኛል፤ ስንገናኝ እንነጋገራለን። ለዚህ ነው እንደ ድሮው ወረቀት ያነሳሁት። የጎረቤታችን ልጅ ዳርቱ ዕረፍቷን ጨርሳ በቅርቡ ወደዚያው ትመለሳለች፤ በሷ እጅ እልክልሻለሁ።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንገርሽ። ሠርጌ ጥር መሆኑ ቀርቶ የፊታችን እሑድ፣ ሐምሌ ሃያ ሆኗል። አዎ፣ በክረምት። በዚህ ጭቃ ከእንቁራሪት በቀር ማን ያገባል ትዪኝ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ «ልጄ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ልዳርሽ» አሉኝ። ምነው ብላቸው «ጥር ሩቅ ነው» ብቻ። ሲግናል ሰፈር ያየነው አዳራሽ ቀረ፣ ሙዚቀኞቹ ቀሩ፣ የተጠራውም ሰው ከቅርብ ዘመድና ከጎረቤት አላለፈም። እጮኛዬ ቢንያም ይከራከርልኛል ብዬ ዞር ስል አንገቱን ደፍቶ «እሳቸው ካሉ ይሁን» አለ። ቢንያምን ታውቂዋለሽ፣ በሻይ ስኳር ሳይቀር የሚከራከር ሰው ነው። እኔ አባባ ታመው የደበቁኝ መስሎኝ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ደህና ናቸው ተባልኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀስ በቀስ ትንሿን ሠርጌን ወደድኳት። ሁሉም ነገር በእጃችን ነው የሚሠራው። የጥሪውን ካርድ እኔው ቆርጬ እኔው ጻፍኩት። የቀሚሴን ጥልፍ እኔው እየጠለፍኩ ነው፤ አረንጓዴው ክር መሃል ላይ አልቆብኝ ትንሽ ዥንጉርጉር ሆኗል፣ አንቺ ብታዪው ፈትተሽ እንደገና ትጀምሪው ነበር። አደይ ገና ስላልፈነዳ አክስታችን የማርያምወርቅ ቢጫ ወረቀት እየቀደደች አበባ ትሠራለች። ጠጁም በሷ እጅ ነው የተጣለው፤ ጋኑን ማንም እንዳይነካባት እንደ አራስ ትጠብቀዋለች። አባባ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ጧፍ እየጠመዘዙ ነው። በክረምት መብራት ስለማይታመን ቢንያም የቲማቲም ጣሳ በምስማር እየበሳ ፋኖስ ይሠራል። ሻማ ሲገባበት ግድግዳው በሙሉ ነጠብጣብ ብርሃን ይሆናል። ግቢውን በጽድ ቅጠል እናስጌጠዋለን። ሽታው ከአሁኑ ቤቱን ሞልቶታል።

ግን እታለም፣ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ደስ የማይል ነገር አለ።

በቀደም ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ። ከታች በጉሙ ውስጥ ለሥራ የሚመጡት ሴቶች ብቅ አሉ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት፣ እንደ ለቀስተኛ። ድምፅ የላቸውም። በራችን አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አንድ ባንድ ገልብጠው አስተካከሉና «እንዴት አደርሽ ሙሽራዬ» እያሉ ሳቅ ብለው ገቡ። ከአንድ ለቅሶ ቤት መጥተው ይሆናል ብዬ ተውኩት። በማግስቱም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ጋ መቆም ፈራሁ።

እልልታቸውም እስከ ጫፉ አይደርስም። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ሲያቅፉኝ ደግሞ ቶሎ አይለቁኝም። አንዷ ትከሻዬ ላይ ፊቷን ቀብራ ስትቆይ ልብሴ ረጥቦ አገኘሁት። ጉም ነው አለችኝ።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ማቲዎስ ድንኳንና ወንበር አመጡልን። ወንበሩ ከጠራነው ሰው ብዙ እጥፍ ነው። ሲተክሉ ደግሞ ካስማውን ጠልቆ እንዲገባ በትልቅ መዶሻ ይመቱታል። «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ይህን ያህል ምን ያደክማችኋል?» አልኳቸው። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ «እስከ ሐሙስ ነው እኮ የሚቆየው» አለ። ጋሽ ማቲዎስ በዓይናቸው ገላመጡትና «ዝናብ ካለ ማለቱ ነው» አሉኝ። እኔ የሠርግ ድንኳን ከሠርጉ በኋላ ለቀናት ቆሞ አይቼ አላውቅም። የሚቆየው የምን ድንኳን እንደሆነ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ እማማ ያረፈች ጊዜ ሥሩ ተኝተናል።

ትናንት ጓሮ ስወጣ አክስቴ ትልቅ ድስት ጥዳለች። ለአበባው ክር እየነከረች መስሎኝ ቀረብ ስል ውሃው ጥቁር ነው። ከጣሪያው ሥር የተሰጣ ቀሚስ ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። አየሁት፣ የራሴ ቀሚስ ነው፤ ያ ቡናማው። «ደብዝዞብሽ ነበር፣ አደስኩልሽ» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። በሠርጌ ሳምንት ጥቁር ልብስ የምትነክርልኝ ለምንድን ነው?

ሞኝ አይደለሁም እታለም። ሰው ሞቷል፤ ሠርጉ እስኪያልፍ መርዶውን ደብቀውኛል። የኛ አገር ወጉ ይኸው ነው። ግን ማን? ኮተቤ ወርጄ የአባባን ታላቅ ወንድም አየሁ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ «አንቺ ልጅ፣ በዝናብ ልታስጨፍሪኝ ነው?» ብለው ቀለዱብኝ። የክርስትና እናቴንም አየኋት፣ ደህና ነች። የማስበው ሰው አለቀብኝ። አንቺ በሩቅ ሆነሽ ከኔ የበለጠ ትሰሚያለሽ። እባክሽ፣ አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም፤ ማንን ነው የሚደብቁኝ?

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከላይ ያለውን ቀድጄ ልጥለው አስቤ ተውኩት። እንዳለ ይቆይ።

ጠዋት ዳርቱ ጋ ሄድኩ፣ ደብዳቤውን መቼ ልስጥሽ ልላት። ሌላ ጊዜ በርበሬውንም ሽሮውንም ካልተሸከምኩ የምትለው ልጅ «ሻንጣዬ ሞልቷል» አለችኝ። ወረቀት እኮ ነው ብላት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። እናቷ ከጓዳ ጠራቻትና ገባች። ሳትወጣ ቀረች።

ከዚያ ሲግናል ወረድኩ፣ ሸረፈዲን ፎቶ ቤት። በሠርጉ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የእማማን ፎቶ ላሳድግ ነበር። ሸረፈዲን ገና ሲያየኝ ብድግ ብሎ ከባንኮኒው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ ፍሬም አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «አባትሽ ለሰኞ ብለውኝ ነበር፣ ቀድሞ ደረሰ። አላህ ያጽናችሁ» አለኝ። ጋዜጣውን ገለጥኩት። አንቺ ነሽ። በሄድሽ ቀን ኤርፖርት በር ላይ የተነሳሽው፣ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረግሽበት። ሸረፈዲን ፊቴን አየና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ አንቺ ምንም አላየሽም፣ እኔም ምንም አላልኩም» አለኝ። ፎቶሽን መልሶ ጠቀለለው።

ቤት አልገባሁም። ታክሲው ፈረንሳይ ሰፈር ሲያወርደኝ ዝም ብዬ ሽቅብ ወጣሁ፣ ወደ ራጉኤል መንገድ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጉሙ የራሴን እጅ ይሸፍንብኝ ነበር። እዚያ ነው ያለቀስኩልሽ። ስምሽን እየጠራሁ ጮህኩ፤ ጉሙ ድምፄን ዋጠው መሰለኝ፣ ለራሴም ከሩቅ ነው የተሰማኝ። ቅጠል የተሸከሙ እናት ከየት እንደመጡ ሳላውቅ አጠገቤ ቆመዋል። ሸክማቸውን አወረዱ፣ ማን ሞተብሽ ሳይሉ ጎኔ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሸክማቸውን አነሱና ሄዱ። ትንሽ እንደራቁ አጣኋቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

መጀመሪያ ሐዘኔ ሳይሆን ንዴቴ ነው የበረታው። በፊቴ እየሳቁ፣ ቢንያም ሳይቀር፣ እኔን ሕፃን አደረጉኝ ብዬ ነደድኩ። ቤት ገብቼ ጋኑን ሰብሬ፣ የወረቀት አበባውን ቀዳድጄ «ተዉኝ፣ እህቴን ላልቅስበት» ልል ነበር አወራረዴ። እንዴት እንደሆንሽ፣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ፣ ውሃ የሰጠሽ ሰው ይኑር አይኑር የማላውቅ ሆኜ እንዴት ነው የሙሽራ ቀሚስ የምለብሰው? አንቺ እኮ እህቴ ብቻ አይደለሽም። እማማ ስታርፍ ጸጉሬን የሠራሽው፣ ትምህርት ቤት የወሰድሽኝ፣ እኔ እንድማር ብለሽ የተሰደድሽው አንቺ ነሽ።

በሩን ስገፋ አባባ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጧፍ ይጠመዝዛሉ። ሰሙ እጃቸው ላይ ደርቆ ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ። «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ጢስ ነው አባባ» አልኩ። ጢስ የለም፤ ማንም እሳት አላነደደም። «አዎ፣ ጢስ ነው» አሉ። ማወቄን ያወቁ ይመስለኛል። ከዚያ ሰሙን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ ጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው መጠምዘዝ ጀመርኩ።

ያኔ ገባኝ። አባባ ከሰኔ ጀምረው ሐዘናቸውን በሆዳቸው ነው የያዙት። መርዶው ከተነገረ ዓመት ሙሉ ለቅሶ ነው፤ አንዷ ልጃቸው ሄዳለች፣ የሌላዋን ደስታ ደግሞ ማቅ ሳይለብሱ ማየት ይፈልጋሉ። ሌላ የለመኑት ነገር የለም። እኔ አፌን ብከፍት ይህቺንም እነጥቃቸዋለሁ። ስለዚህ አልናገርም። እሑድ አጌጣለሁ፣ እስቃለሁ፣ ጨፍሪ ሲሉኝም እጨፍራለሁ። አንቺ እንዳትቀየሚኝ።

እንደ ወጋችን ቤተሰቡን ምን ሰላምታ ልጻፍላት ብዬ ዞሬ ጠይቄአለሁ። አክስቴ የማርያምወርቅ ወረቀቷን እየቀደደች «በጣም ናፍቃኛለች በያት» አለችና ወደ ጓዳ ሮጠች። ቢንያም መዶሻውን አስቀምጦ «አደራሽን እጠብቃለሁ በይልኝ» አለ። ይህን ሲል ከአንገቱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ጋሽ ማቲዎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰላምታቸው እሱ ነው። ሌላ ጊዜ «ብርድ እንዳይመታት ትደርብ በያት» እያሉ በኩዌት ሙቀት የሚያስቁን አባባ ደግሞ ጧፉን እያዩ «አትቸኩዪ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰኞ ማለዳ ሰዎቹ ተሰብስበው በሬን ያንኳኳሉ። አውቃለሁ። እንዳልሰማ ሰው እደነግጣለሁ፣ እወድቃለሁ፣ ያነሱኛል፤ ያን ጊዜ አንቺ የሞትሽ ትሆኛለሽ፣ እኔም ስላንቺ «ነበረች» እላለሁ። ዛሬ ግን ገና ሐሙስ ነው። አርብ አለ፣ ቅዳሜ ገብርኤል አለ፣ እሑድም አለ። እስከ ሰኞ ድረስ እህት አለኝ፣ ኩዌት ነች፣ ስልኳ ተበላሽቶባት ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ሰገነት ገብረ ክርስቶስ

ፈረንሳይ ጉራራ፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.